በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር፦ የታሊሊን ባቡር እንዴት ተረፈች?

በዌልስ ምዕራባዊ ዳርቻ ታዊን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። ከከተማዋ ተነስታ ሸለቆውን ተከትላ ወደ ተራራው የምትወጣ ትንሽ የእንፋሎት ባቡርም አለች። ስሟ ታሊሊን ነው። እሷን የተሳፈረ ሰው የሚገባውም የሚወርደውም በአንድ ወገን ብቻ ነው። በሌላው ወገን የሚከፈት በር የለም። ከ1866 ጀምሮ እንደዚሁ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የበሩን ነገር ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ለምን ይህን ጉዳይ እንዳነሳሁ ልናገር። ብሪታንያ ገጠሯን ሁሉ በትንንሽ የቅርንጫፍ መስመሮች ሸፍና ነበር። አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። አውቶቡስና የጭነት መኪና ሲመጡ መንገደኛውም ዕቃውም ጥሏቸው ሄደ። በ1963 ደግሞ የመንግሥት ባቡሮች የበላይ የነበሩት ዶክተር ቢቺንግ 5,000 ማይል ያህል መስመርና 2,363 ጣቢያዎች ይዘጉ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። አብዛኛው ተዘጋ።

ታሊሊን ከእነዚህ ሁሉ ቀድማ ማለቅ የነበረባት ባቡር ናት። ድሃ ነበረች፣ አርጅታለች፣ ሥራዋም አልቋል። ግን አለች። ሰዎች "ፍቅር ነው ያዳናት" ይላሉ። እውነት ነው፣ ፍቅር ነበረ። ግን ፍቅር የነበራቸው ሌሎች መስመሮችም ጠፍተዋል። እኔ እንደማየው ያዳኗት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ማንም ነክቷት ስለማያውቅ ዕቃዋ ሁሉ ባለበት መገኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ አንድም በጋ ሳያልፋት ሰዎች መድረሳቸው ነው።

ጥጥ ሲጠፋ

ከታዊን በላይ ባለው ተራራ፣ ብሪን ኤግልዊስ በተባለ ቦታ፣ በ1840ዎቹ የጣሪያ ድንጋይ መቆፈር ተጀመረ። ድንጋዩ ጥቁር ግራጫ ነው። በመሮ መታ ሲያደርጉት እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገነጠለ ይወጣል። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ከተሞች እንደ ጉድ እያደጉ ነበር፤ ቤቶቻቸው ደግሞ በዚህ ድንጋይ ነበር የሚከደኑት። ችግሩ ማውረዱ ላይ ነበር። በጋማ ከብት እየተጫነ፣ ተራራ እያቋረጠ ወደ ወንዝ ወደብ ይወርድ ነበር። በዚህ አካሄድ ብዙ ማምረት አይታሰብም።

ነገሩን የቀየረው ከባሕር ማዶ የመጣ ጦርነት ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ለእንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሄደው ጥጥ ቀረ። የማንቸስተር ባለሀብቶች ገንዘባቸውን ሌላ ሥራ ላይ ማዋል ፈለጉ። ከእነሱ አንዱ ዊልያም ማኮኔል ነበር። በ1864 ኩባንያ ተቋቋመ፣ የድንጋይ ማውጫውን ያዘ፣ ባቡር መሥራትም ጀመረ። መሐንዲሱ ጄምስ ስፑነር ነበር። በ1865 ፓርላማው ፈቃዱን በሕግ ሰጠ። በብሪታንያ በእንፋሎት የሚጎተት ጠባብ ባቡር ሰው እንዲያሳፍር በፓርላማ ሕግ ሲፈቀድለት ታሊሊን የመጀመሪያዋ ናት።

"ጠባብ" ስል ምን ያህል? በብሪታንያ በ1846 በወጣ ሕግ የመንገደኛ ባቡር ሃዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ከዚያ የተለየ የሚፈልግ የራሱ ሕግ ያስፈልገዋል። የእኛው የድሮው የድሬዳዋ ባቡር ሃዲድ አንድ ሜትር ነበር። የታሊሊን ደግሞ 68.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ ቢቆም ሁለቱንም ሃዲድ ይረግጣል። ተራራ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ጠባብ ሃዲድ ጠበቅ ባለ ኩርባ ይዞራል። የሚቆረጠው ገደል ያንሳል፣ የሚሞላው አፈር ያንሳል፣ ድልድዩም ያንሳል። ገንዘብ ለሌለው ቦታ ባቡር የሚያደርሰው ይህ ብቻ ነበር።

በታሊሊን መስመር አንድ ነገር ላይ ግን ገንዘብ አልተቆጠበም። ዶልጎኽ ከተባለው ፏፏቴ አጠገብ ባለ ሦስት ቅስት የጡብ ድልድይ ቆመ። ከፍታው 16 ሜትር ገደማ ነው። ዛሬም ባቡሯ የምታልፈው በእሱ ላይ ነው።

ሎኮሞቲቮቹ ሁለት ነበሩ። በ1864 የተሠራው "ታሊሊን" እና በ1866 የተሠራው "ዶልጎኽ"። ሁለቱም ዋይትሄቨን ከተማ ከነበረ አንድ ፋብሪካ መጡ። ከእነሱ ጋር አራት የመንገደኛ ፉርጎዎችና አንድ የፍሬን ፉርጎ ተገዙ። የፍሬን ፉርጎዋ መስኮት አላት። በመንገድ ላይ ባሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ቲኬት የሚቆረጠው በዚያች መስኮት ነበር። ቲኬት ቤቱ አብሮ ይጓዛል ማለት ነው። እባካችሁ ይህን ዝርዝር ያዙልኝ፦ ሁለት ሎኮሞቲቭ፣ አራት ፉርጎ፣ አንድ የፍሬን ፉርጎ። በኋላ ይፈለጋል።

አሁን ወደ በሩ። በ1866 የመንግሥት መርማሪ ሻምበል ታይለር መስመሩን ሊያዩ መጡ። በመስመሩ ላይ የሚያልፉትን የመንገድ ድልድዮች ለኩ። ፉርጎው ከድልድዩ ግድግዳ የሚኖረው ርቀት በእያንዳንዱ ወገን 57 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ደንቡ 76 ነው። ባቡሯ ድልድይ ሥር ብትቆም መንገደኛው በር ከፍቶ መውጣት አይችልም። ድልድዮቹን አፍርሶ መሥራት ደግሞ ኩባንያውን ያከስረዋል። ማኮኔል መፍትሔ አመጣ። በአንድ ወገን ያሉት በሮች በሙሉ ለዘለቄታው ይዘጉ። ሃዲዱም ከድልድዩ ሥር መሐል መሆኑ ቀርቶ ወደ ተዘጋው ወገን ጠጋ ይበል። ያኔ ክፍት በር ባለበት ወገን በቂ ቦታ ይገኛል። ተቀባይነት አገኘ። ጣቢያዎቹም ሁሉ በዚያው ወገን ሆኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባቡሯ ሰው ማሳፈር ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የድንጋይ ጊዜ ነው። በደህናው ዘመን ማውጫው ውስጥ 300 ገደማ ሰዎች ይሠሩ ነበር። አበርገኖልዊን የተባለው መንደር የተሠራው ለእነሱ ነው። ጠቅላላው መስመር 11.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛ የሚወስደው እስከ አበርገኖልዊን ነበር። የመንደሩ ከሰል ሳይቀር በባቡሯ መጥቶ በቁልቁለት ሃዲድ፣ በገመድ እየተያዘ ይወርድ ነበር። ለጎብኚ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር ነበረ። የድንጋይ ጋሪ ተከራይቶ በባቡሯ ተጎትቶ ይወጣል። ማታ ሲሆን ባዶ ሃዲዱ ላይ፣ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ እየተንደረደረ እስከ ባሕሩ ይመለሳል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ አደጋ ደረሰና ቀረ።

ቃል የገቡት ሽማግሌ

የጣሪያ ድንጋይ ገበያ ወደቀ። በ1911 ማውጫውንም ባቡሯንም ሄንሪ ሃይድን ጆንስ ገዙ። የዚያ አካባቢ ሰው ናቸው። ከአንድ ዓመት በፊት የሜሪዮነት ሕዝብ ለፓርላማ መርጧቸው ነበር፤ እስከ 1945 ድረስም ወኪሉ ሆነው ቆዩ። በኋላ ሰር ተባሉ። የማውጫው ሥራ ሲቆም መንደሩ ሥራ ፈት ይሆን ነበር። እሳቸው ከገዙት በኋላ ሥራው ቀጠለ። ብዙ ትርፍ ግን አልነበረውም።

ገንዘብ ስላልነበረ መስመሩ አልታደሰም። ሃዲዱ ያው የድሮው ነው። ሎኮሞቲቮቹ ያው ሁለቱ ናቸው። ፉርጎዎቹም ያው ናቸው። ሌሎች ባቡሮች አሮጌውን እየሸጡ አዲስ ሲገዙ ታሊሊን የገዛችውም የሸጠችውም አልነበረም። በሃዲዶቹ መሐል ሣር በቀለ። ከሥር ያለው እንጨት በሰበሰ። ኋላ የደረሱት ሰዎች በብዙ ቦታ ሃዲዱን ይዞት የነበረው ሣሩ ነው ይላሉ።

በዲሴምበር 26 ቀን 1946 ማውጫው ተደረመሰ። ከዚያ በኋላ ደህንነቱ ስላላስተማመነ ተዘጋ። ባቡሯ የተሠራችለት ሥራ በዚያ ቀን አለቀ ማለት ነው። ሰር ሄንሪ ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ባቡሯ ትሄዳለች ብለው ነበር። ቃላቸውን ጠበቁ። በበጋ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ በአንድ ሎኮሞቲቭ ትመላለስ ነበር። "ታሊሊን" ከጥቅም ውጭ ሆኖ ስለተቀመጠ የቀረው "ዶልጎኽ" ብቻ ነበር።

በ1948 የብሪታንያ ባቡሮች በመንግሥት ተወረሱ። ታሊሊን ከዝርዝሩ ውጭ ቀረች። ይህን ቀለል አድርገን እንዳናየው። ጎረቤቷ ኮሪስ ሃዲዷ ስፋቱ አንድ ዓይነት ነበር። እሷ ተወረሰች፣ በዚያው ዓመትም ተዘጋች። ሃዲዷም ተነቀለ። ታሊሊን በዝርዝሩ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ዕጣዋ ከዚህ የተለየ ይሆን ነበር ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

በጁላይ 2 ቀን 1950 ሰር ሄንሪ አረፉ። ባቡሯ የዚያን ዓመት በጋ እንድትጨርስ ተደረገ። ኦክቶበር 6 የመጨረሻ ጉዞዋን አደረገች።

አምስት ቀን

ቶም ሮልት መሐንዲስና ጸሐፊ ነበር። ያኔ 40 ዓመቱ ነው። የድሮ የጀልባ ቦዮች እንዳይጠፉ በ1946 አንድ ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ሰው ማሰባሰብ ያውቅበታል። ስለ ታሊሊን ለበርሚንግሃም ጋዜጣ ጻፈ። ፍላጎት ያለው ሰው እንዳለ ሲያይ ስብሰባ ጠራ። ቀኑ ኦክቶበር 11 ቀን 1950፣ ቦታው በርሚንግሃም ኢምፔሪያል ሆቴል። 70 ያህል ሰው መጣ።

ቀኖቹን እዩልኝ። የመጨረሻው ባቡር ኦክቶበር 6፣ ስብሰባው ኦክቶበር 11። አምስት ቀን ነው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማየት ሌላ ባቡር ልጥቀስ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን የሊንተንና ባርንስተፕል ጠባብ ባቡር ነበረች። ከታሊሊን ይልቅ ያማረችና ብዙ ወዳጅ የነበራት ናት። በሴፕቴምበር 1935 ተዘጋች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ንብረቷ በጨረታ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሃዲዱ ተነቀለ። ሕዝቡ ሲቆጭ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ከመስመሩ ትንሽ ቁራጭ እንደገና ባቡር ያየችው በ2004 ነው። 69 ዓመት ማለት ነው።

ወደ በርሚንግሃም ልመለስ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ገንዘብ አልነበራቸውም። መስመሩን እንግዛ ቢሉ አይችሉም። መንግሥት ይግዛው ቢሉ መልሱን ያውቁታል። ሐሳባቸው ያን ጊዜ በዓለም ላይ ያልተሞከረ ነበር፦ ማኅበር መሥርተን፣ በነፃ እየሠራን፣ ባቡሯን እኛው እናስኪዳት። የሰር ሄንሪ ባለቤትና የባቡሯ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኤድዋርድ ቶማስ ተስማሙ። ከሁለቱም ወገን ሰዎች በቦርድ የሚቀመጡበት አዲስ ኩባንያ ተቋቋመና የመስመሩ ባለቤትነት ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1951 ወደ እሱ ዞረ።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ስምምነት ነው። ቤተሰቡ ሃዲዱን ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ቢሸጥ ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብረት ተፈላጊ ነበር። ማኅበሩ በበኩሉ "ሁሉን ለእኛ ልቀቁ" አላለም። የድሮዎቹን ሰዎች ከቦርዱ አላስወጣም። በፊት ባቡሯ ላይ ይሠሩ ከነበሩት የታዊን ሰዎችም አብረው የቀጠሉ ነበሩ። ሮልት የ1951ን እና የ1952ን በጋ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ እዚያው ሠራ።

የመጀመሪያው በጋ

በሜይ ወር የማኅበሩ አባላት ቁጥር 650 ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሜይ 14 ቀን 1951 ባቡሯ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰች። እስከ ሪዳሮነን ጣቢያ፣ የመስመሩን ሲሶ ያህል ነው የሄደችው። በጁን መደበኛው አገልግሎት ጀመረ።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ሎኮሞቲቭ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። "ዶልጎኽ" 85 ዓመቱ ነው። እሱ ከተሰበረ በጋው አለቀ። ስለዚህ ማኅበሩ ፊቱን ወደ ኮሪስ አዞረ። የተዘጋችው ጎረቤት ሁለት ሎኮሞቲቮች ሳይቆራረጡ ማኽንሌዝ ከተማ ቆመው ነበር። በሌላ የብሪታንያ ባቡር ላይ የማይሠራ ስፋት ናቸው፤ ከታሊሊን በቀር። እያንዳንዳቸው በ25 ፓውንድ ተገዙ። አንደኛው "ሰር ሃይድን"፣ ሌላኛው "ኤድዋርድ ቶማስ" ተባሉ። ባቡሯን ያቆዩት የሁለቱ ሰዎች ስም ነው።

"ሰር ሃይድን" ሃዲዱ ላይ ተቀምጦ ሥራ ሲጀምር ከሃዲድ ወጣ። መለሱት። እንደገና ወጣ። በወረቀት ላይ ስፋቱ ልክ ነው፤ ታዲያ ምን ሆነ? ሃዲዱን ሲለኩ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ ተገኘ። ያረጀ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የድሮው ኩባንያ ሆን ብሎ ነው ያሰፋው። "ዶልጎኽ" የተባለው ሎኮሞቲቭ የፊትና የኋላ ጎማው ስለሚራራቅ ኩርባው ላይ ይጨናነቅ ነበር። ለእሱ ሲሉ ሃዲዱን ከፈት አደረጉት። የ"ታሊሊን" እና የ"ዶልጎኽ" ጎማዎች ሰፊ ስለሆኑ ችለውት ኖረዋል። የኮሪሱ ሎኮሞቲቭ ጎማ ግን ቀጭን ነው፤ ሃዲዱ መሐል ይወድቃል። ይህን የጻፈ ሰነድ አልነበረም። ልምዱ በሠራተኞቹ እጅ ነበር የኖረው። "ሰር ሃይድን" ሃዲዱ እስኪስተካከል ድረስ ተቀመጠ።

"ኤድዋርድ ቶማስ"ን ሊድስ ያለው ሃንስሌት ፋብሪካ ያለ ክፍያ አደሰው። በ1952 ሥራ ጀመረና የ"ዶልጎኽ"ን ሸክም አቀለለ። የተጠባባቂ ጦር መሐንዲሶች ለልምምድ ብለው መጥተው አዲስ ሃዲድ አነጠፉ። በ1953 አንድ ድርጅት ሌላ ሎኮሞቲቭ በስጦታ ሰጠ። በ1918 የተሠራ፣ በአየር ኃይል ጣቢያ ሲያገለግል የቆየ ነው። የሃዲዱ ስፋት ስለሚለይ ጎማው እንዲሰፋ ተደርጎ በሚቀጥለው ዓመት ገባ። ያን ጊዜ ነው "ዶልጎኽ" ማረፍ የቻለው። በ1954 ለጥገና ወጥቶ በ1963 ተመለሰ። ዘጠኝ ዓመት! ከእሱ በፊት "ታሊሊን" ታድሶ በ1958 ሥራ ጀምሮ ነበር።

ያ ዝርዝር ትዝ ይላችኋል? ሁለት ሎኮሞቲቭ፣ አራት ፉርጎ፣ አንድ የፍሬን ፉርጎ። ሁሉም አሉ። መስመሩ ደኸየና የሚሸጥም የሚቀይርም ስላልነበረ፣ በ1866 የመጀመሪያውን መንገደኛ የወሰዱት ፉርጎዎች ዛሬም ሰው ያሳፍራሉ። ድህነት አንዳንዴ የሚያቆየው ነገር አለ። ለሠራተኞቹ ግን ያ ዘመን ከባድ ነበር፤ ያንንም መርሳት አይገባም።

የተቀየረው ነገር

"የባቡሯ ሥራ ከተቀየረ ምኑን ተረፈች?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድንጋይ አታመላልስም። መንደርተኛው ገበያ የሚሄደው በእሷ አይደለም። የሚሳፈሩት ለእሷ ብለው የሚመጡ ጎብኚዎች ናቸው። እኔ ግን እሳቱን የሚያነደው፣ ሃዲድ ሥር ጠጠር የሚጠቀጥቀው፣ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ያንኑ ሥራ በዚያው ቦታ እየሠራ ነው ብዬ አያለሁ። ሙዚየም ውስጥ ያለ ሎኮሞቲቭ ቀዝቃዛ ብረት ነው። ይሄኛው ውሃ ይጠጣል፣ ከሰል ይበላል፣ ይሰበራል፣ ይጠገናል። እንዴት እንደሚጠገን የሚያውቅ ወጣትም እያፈራ ነው።

መስመሩም አድጓል። በድሮ ጊዜ የድንጋይ ጋሪ ብቻ ይሄድበት የነበረው የላይኛው ጫፍ እስከ ናንት ግወርኖል ድረስ ሃዲዱ እንደገና ተነጥፎ ሜይ 22 ቀን 1976 ለመንገደኛ ተከፈተ። በ2021 ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የጣሪያ ድንጋይ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ብሪን ኤግልዊስ፣ አበርገኖልዊንና ታሊሊን አብረው ገቡ።

ሌሎችም ያንኑ መንገድ ያዙ። እዚያው ዌልስ ያለችው የፌስቲኒዮግ ባቡር በ1946 ቆማ በ1955 በበጎ ፈቃደኞች ተነሳች። በእንግሊዝ ደግሞ ብሉቤል የተባለው መስመር በ1960 ተከተለ። እሱ ጠባብ አይደለም፤ መደበኛ የቅርንጫፍ መስመር ነው።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው የኮሪስ ነገር ነው። ሃዲዷ ተነቅሎ፣ ሁለት ሎኮሞቲቮቿ ለጎረቤት ተሸጠው አልቃ ነበር። እዚያም ሰዎች ተነሱ። ከረጅም ልፋት በኋላ በ2002 አጭር መንገድ ላይ መንገደኛ ማሳፈር ጀመሩ። የራሳቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ አዲስ ሠሩ። በ2005 ደረሰላቸው። ቅርጹ የተወሰደው ከ"ኤድዋርድ ቶማስ" ዓይነት ነው። ያ በ25 ፓውንድ ተሸጦ የሄደው ሎኮሞቲቭ፣ ከተራራው ማዶ ታሊሊን ላይ እየሠራ ነበር።